አሮጌ ቤት ውስጥ የድምፅ ኤግዚቢሽን ላዘጋጅ ነው፤ ከየት ልጀምር?

የመክፈቻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት።

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ አሮጌ ባለ ፎቅ ቤት አለ። ባለቤቶቹ ስማቸው እንዳይነሳ ስለጠየቁኝ ሰፈሩን አልናገርም። ምድር ቤቱ በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ነው። ፎቁ እንጨትና ጭቃ ሆኖ በኖራ የተለሰነ ነው። ከፊት ለፊቱ የተፈለፈለ እንጨት ያለው በረንዳ አለው። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። የድሮ ሰፈሮችን በእግሩ የዞረ ሰው እንዲህ ያለውን ቤት ያውቀዋል።

ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ነው። ቤተሰቡ ከታኅሣሥ አጋማሽ ጀምሮ ለስድስት ሳምንት ሊሰጠኝ ተስማምቷል። ስድስት ክፍል አለው። ግድግዳ ላይ ምንም አልሰቅልም። በየክፍሉ የሚሰማ ነገር ይኖራል። ሰው ከክፍል ወደ ክፍል እየዞረ፣ ቆሞም ተቀምጦም ያዳምጣል።

ባለፈው ቅዳሜ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ብቻዬን ገብቼ አጨበጨብኩ። ምድር ቤት ጭብጨባው ጠንከር ብሎ ተመለሰልኝ። ፎቅ ላይ ግን ግድግዳው ዋጠው። ደረጃው ላይ ስወጣ ሦስተኛው እርከን ሲጥ አለ። ቆርቆሮው ፀሐይ ሲያገኘው ጠሽ ጠሽ ማለት ጀመረ። አንድ ሰዓት ያህል ቁጭ ብዬ ስሰማ ቆየሁ። ከዚያ በኋላ ያሰብኳቸው ሥራዎች ግማሾቹ ለዚህ ቤት የማይሆኑ መሰሉኝ።

ጥያቄዬ ይኸው። ግድግዳውን ሳልነካ ስፒከር የት ላስቀምጥ? የአንዱ ክፍል ድምፅ ወደ ሌላው እንዳይገባ ምን ላድርግ? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ምን ዓይነት ድምፅ ነው መግባት ያለበት?

(ይህን ከጻፍኩ አራት ቀን ሆነ። 24 መልስ ደርሶኛል። አንዳንዶቹ በጣም ረጅም ናቸው፤ ሁለቱን ጸሐፊዎቹ ራሳቸው አጥፍተዋቸዋል። ወደፊት እንዲህ ያለ ሥራ ለሚያስብ ሰው እንዲጠቅም በራሴ አነጋገር ከዚህ በታች አስቀምጣቸዋለሁ።)

መልስ 1

አንዲት አርክቴክት ናት። እንኳን ደስ ያለህ ብላ ጀመረች፤ ወዲያው ግን ወደ ወረቀቱ ገባች። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጁ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 209/1992፣ በተመዘገበ ቅርስ ላይ ያለ ቅድሚያ ፈቃድ የጥገናም ሆነ የእድሳት ሥራ እንደማይፈቅድ አስታወሰችኝ። ሚስማር መምታት ጥገና አይባልም ብዬ እንዳልከራከር አስቀድማ ዘጋችብኝ። ከባለቤቶቹ ጋር መስማማት ብቻውን እንደማይበቃ፣ የቅርስ ባለሥልጣኑም የከተማው ባህል ቢሮም ማወቅ እንዳለባቸው ጻፈች። ዕቃ ከማስገባቴ በፊት የእያንዳንዱን ግድግዳ ፎቶ ቀን እየጻፍኩበት እንዳነሳና ቤተሰቡን እንዳስፈርምም መከረችኝ።

ልክ ናት። ከሁለት ዓመት በፊት በሌላ አሮጌ ቤት ውስጥ ሥራ ነበረኝ። ገመዱን ግድግዳው ላይ በፕላስተር ለጠፍኩት። ሳነሳው ተላቅቆ የመጣው ፕላስተሩ ብቻ አልነበረም። መዳፍ የሚያህል ኖራ አብሮ ወጣ። ከሥሩ ማንም የማያስታውሰው የድሮ ሰማያዊ ቀለም ታየ። ያ መዳፍ የሚያህል ቦታ እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ።

መልስ 2

የድምፅ ቴክኒሻን ነው። ከሁሉም መልስ ብዙ የተማርኩበት ይህኛው ነው።

ማጨብጨብ ጥሩ መነሻ እንደሆነ፣ ግን ፊኛ ነፍቼ በመርፌ አፈንድቼ በየክፍሉ መሐል ብቀዳ ይበልጥ እንደሚጠቅመኝ ነገረኝ። ፊኛው ሲፈነዳ ዝቅተኛውም ከፍተኛውም ድምፅ አብሮ ይወጣል። ከዚያ ቅጂውን ሰምቼ ድምፁ ለመጥፋት ስንት ሰከንድ እንደፈጀበት እቆጥራለሁ። ሰው የሚናገርበት ሥራ ከሆነ ከአንድ ሰከንድ የማያልፍ ክፍል ይመረጣል፤ ካለፈ ቃላቱ እርስ በርስ ይደራረባሉ። ስለዚህ ንግግር ያለበት ሥራ ወደ ፎቁ የጭቃ ክፍሎች ይውጣ። ዜማና ረዘም ያለ ድምፅ ወደ ድንጋዩ ይውረድ።

ስፒከሩ በራሱ እግር ላይ ይቁም አለ፤ ከታች ወፍራም ጎማ ይደረግለት። ማዕዘን ውስጥ መቀመጥ የለበትም። ማዕዘን ቤዙን፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ፣ ያበዛዋል። ቤዝ ደግሞ የጭቃ ግድግዳን አልፎ ይሄዳል፤ ከእንጨቱ የላላውን ልስንም ያንቀጠቅጠዋል። ሰብዉፈር (ቤዝ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር) የሚባል ነገር እዚያ ቤት ደጃፍ እንዳይደርስ አስጠነቀቀኝ። ድምፅ ከክፍል ክፍል እንዳይሻገር የሚሻለው መፍትሔ በር መዝጋት ወይም ስፖንጅ መለጠፍ እንዳልሆነም አስረዳኝ። ድምፁን መቀነስ ነው። በትንሽ ድምፅ የሚሠራ ሥራ መምረጥና ሰውን ወደ ስፒከሩ ማስጠጋት። የሁለት ክፍል ድምፅ ቢሻገር እንኳ አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም እንዲል ሰዓታቸውን ማገናኘት ይቻላል አለ።

ይህ የመጨረሻው ሐሳብ ሌሊቱን እንቅልፍ ነሳኝ። ስድስት ክፍሎች ተራ እየጠበቁ ሲነጋገሩ አሰብኩ።

መልስ 3

እየተከታተለ እንደሆነ ብቻ የጻፈ ሰው።

መልስ 4

ጀርመን የሚኖር ኢትዮጵያዊ ነው። ሃልበርሽታት የምትባል ትንሽ ከተማ ሄዶ ያየውን አወጋን። እዚያ ቅዱስ ቡርካርዲ የሚባል በጣም አሮጌ ቤተ ክርስቲያን አለ። አገልግሎቱ ከቀረ በኋላ ጎተራም፣ የአረቄ ማውጫም፣ የአሳማ ቤትም ሆኖ ነበር። አሁን ውስጡ አንድ ትንሽ ኦርጋን ብቻ ቆሟል። የአሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ የጆን ኬጅ ድርሰት በተቻለ መጠን በዝግታ እየተጫወተ ነው። 639 ዓመት ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ2001 ጀምሮ በ2640 ያልቃል። ቁልፎቹን ሰው አይጫናቸውም፤ ትንንሽ የአሸዋ ከረጢቶች ይንጠለጠሉባቸዋል። ድምፁ የሚቀየርበት ቀን ሲደርስ ሕዝብ ከሩቅ አገር ተሰብስቦ ይመጣል።

ሰውዬው የገባው በብርዱ ወራት ነው። ውስጡ ባዶ ድንጋይ ነው፤ ማሞቂያ የለም። ከበሩ ጀምሮ ያ አንድ ድምፅ ይሰማል። ወደ ኦርጋኑ ሲራመድ ድምፁ እንደተለወጠ፣ አንገቱን ዞር ሲያደርግም እንደገና እንደተለወጠ ጻፈ። ኦርጋኑ ያው ነው፤ የሚለዋወጠው የሰውዬው ቦታ ነው። ጎረቤት በድምፁ ስለተማረረ ኦርጋኑ ላይ ከላስቲክ መስታወት የተሠራ ሽፋን እንደተደረገም ጨመረ። ጎረቤቶችህን አስቀድመህ ቡና ጥራ የሚል ምክር ሰጠኝ።

መልስ 5

መልስ 4ን በትሕትና አረመችው። ዝግጅቱ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2001 መጀመሩ እውነት ነው። ድርሰቱ ግን የሚከፈተው በዝምታ ስለሆነ የመጀመሪያው ድምፅ የተሰማው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2003 ነው። እስከዚያ ድረስ ሰው የሚሰማው የኦርጋኑን የአየር ወናፍ ብቻ ነበር። መልስ 4 አመስግኖ አስተካከለ። ሰው እንዲህ ሲተራረም ማየት ደስ ይላል።

መልስ 6

እዚህ ላይ ነገሩ ከረረ። ጸሐፊው ፒያሳ ተወልዶ ያደገ ነው። በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ ቤተሰቡ ወደ ከተማው ዳር ሄዷል። እሱ እንዳለው፣ ቤት በቆመበት ጊዜ ጣሪያው ሲያፈስ፣ አሥራ አምስት ሰው በአንድ ሽንት ቤት ሲሰለፍ፣ ስለ ቅርስ የሚያወራ አርቲስት አልታየም። ሁሉም ካለቀ በኋላ የቀረውን አንድ ቤት ይዞ ድምፅ ላሰማ ማለት ለቅሶ ቤት ሄዶ እንደመዝፈን ነው። ቃሉ ጠንካራ ነበር። ብዙ ሰው ወደደለት።

ወዲያው አልመለስኩለትም። ሁለት ጊዜ ጽፌ አጠፋሁት። ስለ ሽንት ቤቱ የተናገረው እውነት ነው።

መልስ 7

ለመልስ 6 የተሰጠ መልስ ነው፤ ጸሐፊዋ ካናዳ ትኖራለች። ኦታዋ ውስጥ የአንድ ገዳም ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1972 ሊፈርስ ሲል፣ የጸሎት ቤቱን ውስጠኛ ክፍል፣ ጣሪያውንና ምሰሶዎቹን ሰዎች ፈታትተው አተረፉት። በኋላ ብሔራዊ ጋለሪው ሲሠራ በሕንጻው ውስጥ መልሰው ገጠሙት። ካናዳዊቷ አርቲስት ጃኔት ካርዲፍ እ.ኤ.አ. በ2001 የሠራችው የ40 ስፒከር ሥራ እዚያ ቀርቧል። አንድ የ16ኛው መቶ ዘመን የመዘምራን ድርሰት ነው። 40 ድምፅ፣ ማለትም ስምንት ባለ አምስት አምስት ቡድን አለው። እያንዳንዱ ስፒከር የአንድ ሰው ድምፅ ብቻ ይዟል፤ በሰው ቁመት ልክ ክብ ሠርተው ቆመዋል። መሐል ከቆምክ ሕንጻው በሙሉ ይዘምራል። ጆሮህን ወደ አንዱ ካስጠጋህ አንድ ልጅ ትንፋሹን ሲስብ ትሰማለህ። ከመዝሙሩ በፊት መዘምራኑ ሲያስሉና ሲያወሩም ይሰማል።

ልትል የፈለገችው፣ ቤት ፈርሶበት ያዘነ ሰው ድምፅን እንደማይጠላ ነው። እሷ ራሷ እዚያ ክፍል ውስጥ ስታለቅስ የተገኘችው ሕንጻው ምን እንደደረሰበት ስላወቀች ነው።

መልስ 8

አንድ የቅኔና የዜማ መምህር ናቸው። የጻፉት በረጋ መንፈስ ነው። የ40 ስፒከሩን ነገር ሲያነቡ ፈገግ እንዳሉ ነገሩን። ሕንጻን ለድምፅ ብሎ መክፈል በእኛ አገር አዲስ ነገር እንዳልሆነ አስረዱ። ክብ ቤተ ክርስቲያን ሦስት ክፍል አለው፤ መቅደስ፣ ቅድስትና ቅኔ ማኅሌት። ውጭኛው ዙሪያ ስሙን ያገኘው ከሚሰማበት ነገር ነው። ሊቃውንቱ ግራና ቀኝ ተከፍለው ፊት ለፊት ይቆማሉ። አንዱ ወገን ያነሳል፣ ሌላው ይቀበላል። ግራ ጌታና ቀኝ ጌታ የሚባሉት ማዕረጎች የመጡት ከዚያ አቋቋም ነው። የመቋሚያው ምት በእንጨት ወለልና በድንጋይ ወለል ላይ አንድ እንዳልሆነ፣ ጥሩ መሪጌታም አዲስ ደብር ሲሄድ ድምፁን ለቤቱ እንደሚመጥን ጨመሩ።

የድንጋይ ደወልንም አነሱ። በጣና ገዳማት በራፍ ላይ የተንጠለጠሉ ጠፍጣፋ ድንጋዮች አሉ፤ በሌላ ትንሽ ድንጋይ ይመታሉ። እኔም ዑራ ኪዳነ ምሕረት አይቻቸዋለሁ። ሦስቱ ድንጋዮች ሦስት ዓይነት ድምፅ አላቸው። የሚመታው ቦታ ከብዛቱ የተነሳ ነጥቶ ጎድጉዷል። የሠራው ሰው ድንጋይ ከድንጋይ እያንኳኳ፣ እየሰማ መርጦ ያመጣው ነው። ኪውሬተር (ኤግዚቢሽን መርጦ የሚያዘጋጅ ሰው) ለሚለው ቃል ይህን ሰው የሚያህል ምሳሌ አላውቅም።

መልስ 9 እና 10

መልስ 9 ፈርቶ የጻፈ ምእመን ነው። በመምህሩ መልስ ተነሳስቼ ማኅሌት ቀድቼ በአንድ መኝታ ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ እንዳላስደጋግም ለመነኝ። ሰው ጫማ አድርጎ፣ ስልክ እያወራ በዚያ መሐል የሚያልፍበት ቦታ ለዚህ ዜማ እንደማይገባ ጻፈ። መልስ 10 ገና ያልተደረገን ነገር መቃወም ኋላቀርነት ነው ብሎ ተሳደበ። መልስ 9 በስድብ መለሰ። አወያዩ ሁለቱንም አስጠነቀቀ።

እኔ ከመልስ 9 ጋር ነኝ። ከስድስቱ ሥራዎች አንዱ የመዝሙር ቅጂ ነበረበት። አውጥቼዋለሁ። ቦታና ሰዓት ያለው ድምፅ ከቦታውና ከሰዓቱ ሲነጠል ሌላ ነገር ይሆናል። ያ ቤት መኖሪያ ቤት ነው። የመኖሪያ ቤት ድምፅ ይበቃዋል።

መልስ 11፣ 12፣ 13

ከርዕሱ ወጡ። አንዷ ድምጽ የሚጻፈው በጸሎቱ ጸ ነው ወይስ በፀሐዩ ፀ ብላ ጠየቀች። ግእዙ ድምፅ እንደሆነ አንዱ በማስረጃ ተከራከረ። ሌላው ደግሞ ሳውንድ አርት ለሚባለው ነገር የድምፅ ጥበብ ማለት እንደማያስኬድ፣ ዘፋኙም ተናጋሪውም በዚያ ስም እንደሚጠራ ተናገረ። ሥነ ድምፅ ይሁን የሚል ሐሳብ ቀረበ፤ እሱ ደግሞ የቋንቋ ትምህርት ይመስላል ተባለ። አልተስማሙም። እኔ በፖስተሩ ላይ የሚደመጥ ኤግዚቢሽን ብዬ ልጽፍ አስቤያለሁ። ሰው ሲያነበው ምን ሊያደርግ እንደሚመጣ ይገባዋል።

መልስ 14

ጎንደር ያለ አስጎብኚ ነው። ወደ ቁምነገሩ የመለሰን እሱ ነው። ፋሲል ግቢ ውስጥ ከአፄ ፋሲል ግንብ ሌላ፣ አድባር ሰገድ የሚባሉት አፄ ዳዊት ያሠሩት የዘፈን ቤት አለ። ንጉሡ የነገሡት እ.ኤ.አ. ከ1716 እስከ 1721 ነው። ጨዋታ ወዳድ ነበሩ ይባላል። ዛሬ አዳራሹ ጣሪያ የለውም። ጎብኚዎችን ይዞ ሲገባ ዘወትር አንዱ ያጨበጭባል፤ ድምፁ ግን ወደ ሰማይ ሄዶ ይቀራል። ለዘፈን የተሠራ ቤት ዘፈኑን መያዝ አቅቶታል። እሱ ሁልጊዜ እዚህ ቦታ ላይ እንደሚያዝን ጻፈ።

ከዚያ ወደ ኖራና ሲሚንቶ ገባ። ግንቦቹ ድሮ የተያያዙት በኖራ ነው። ኋላ ላይ በሲሚንቶ የተጠገኑት ቦታዎች ውሃ እያቆሩ ድንጋዩን ስለጎዱት፣ በቀጣዩ ጥገና ሲሚንቶው እየተፈለፈለ ወጥቶ ኖራ ተተካ። ይህን ያነሳው ለምክንያት ነው። ቤቱን የሚያድስ ሰው ልስኑን በሲሚንቶ ከቀየረው የክፍሉ ድምፅም ይቀየራል። ኖራና ጭቃ ድምፅን በጥቂቱ ይጠጣሉ። ሲሚንቶ ይመልሰዋል። ይህን ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር።

መልስ 15

ሐረሬ ናት። ሐረር ጁገል ውስጥ ራስ ተፈሪ የኖሩበት የሚባለው ቤት ዛሬ የሸሪፍ ሐረር ከተማ ሙዚየም ነው። በውስጡ ከብራና መጻሕፍቱና ከጌጣጌጡ ሌላ የድሮ የዘፈንና የዝክሪ (የሐረሬዎች መንፈሳዊ ዜማ) ቅጂዎች ክምችት አለ። አሮጌ ቤት፣ አሮጌ ድምፅ፣ አንድ ጣሪያ ሥር። እሷ የሄደችው ከአያቷ ጋር ነው። ቅጂ ሲከፈት አያቷ የማን ድምፅ እንደሆነ ስሙን ጠሩት። ከዚያ ዝም ብለው የሚቀጥለውን ስንኝ ከቅጂው ቀድመው አሉት። ጸሐፊዋ የጠየቀችኝ ከባድ ጥያቄ ነው። በእኔ ቤት ውስጥ ከሚሰማው ድምፅ መካከል ቤቱን የሚያውቅ ሰው ስም ጠርቶ የሚለየው አለ ወይ?

የለም። ገና የለም።

መልስ 16

አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ የሚኖር ሰው ነው። እናቱ ከሄዱ ሰባት ዓመታቸው ነው። እንቅልፍ እምቢ ይላቸዋል። የሚተኙበት ቤት ጣሪያው ዝናብ ሲዘንብ አይሰማም፤ እሳቸውም መዝነቡን የሚያውቁት በመስኮት ሲያዩ ነው። ባለፈው ነሐሴ አዲስ አበባ ያለች እህቱ የሰፈራቸውን ቆርቆሮ ዝናብ ሲመታው አሥር ደቂቃ ቀድታ ላከች። እናቱ ስልኩን ከትራሱ ሥር አድርገው ተኙ። እስካሁን ሌላ ፋይል አይፈልጉም። ከመሐሉ የጎረቤት ዶሮ አለ፤ ዶሮው ሲመጣ ሁልጊዜ ዞር ይላሉ።

ስለ ኤግዚቢሽኑ ምንም አላለም። ማለት አያስፈልገውም ነበር።

መልስ 17

መልስ 16ን አንብቦ የተነሳ ክርክር ነው። ኤግዚቢሽኑ ለምን በበጋ ሆነ? ቆርቆሮ ያለው ቤት የሚናገረው በክረምት ነው። መልስ 2 ተመልሶ መጣና በሐምሌ ዝናብ ሥር ስፒከር ማሰማት ከንቱ እንደሆነ፣ ጥሩ ዶፍ ሲወርድ ሰው ከጎኑ ያለውን ሰው እንኳ እንደማይሰማ ተናገረ። ታዲያ ስፒከሮቹ ዝናብ ሲመጣ ዝም ይበሉ አለች አንዷ፤ ሰው ዝናቡን ይስማ። በጣም ወደድኩት። ለዘንድሮ አልደርስም።

መልስ 18

በአንድ የኤግዚቢሽን አዳራሽ ውስጥ ጠባቂ ሆና የሠራች ሴት ናት። አዳራሹን አልጠቀሰችም። እሷ በምትጠብቅበት ክፍል አራት ደቂቃ የሚፈጅ የድምፅ ሥራ ነበረ፤ እየተደጋገመ ለሦስት ወር። በቀን 8 ሰዓት ትቆማለች። በቀን 120 ጊዜ ሰማችው ማለት ነው። አርቲስቱ አንድ ቀን መጥቶ ፎቶ ተነስቶ ሄደ። እሷን ሰላም ያለው የለም። ኤግዚቢሽኑ ካለቀ በኋላ ሽንኩርት ስታቁላላ ያ ድምፅ ይመጣባት ነበር። 85 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) የሚደርስ ድምፅ በቀን 8 ሰዓት መስማት የሥራ ጤና ባለሙያዎች የሚያስቀምጡት ወሰን መሆኑን የነገራት አልነበረም። የእሷ ክፍል ድምፅ ከዚያ ያነሰ ይሁን ይብለጥም የለካው ሰው የለም።

ከዚህ መልስ ሥር ብዙ ሰው ጻፈ። አንዱ ለጠባቂ የጆሮ መክደኛ መስጠት ይበቃል አለ። እሷ መክደኛ አድርጋ ጎብኚ ሲጠይቃት እንዴት ልትመልስ እንደምትችል ጠየቀችው። መልስ አልነበረውም።

ዕቅዴን የቀየርኩት እዚህ ጋ ነው። ሥራዎቹ ሰው ሲገባ ይነሳሉ፤ ሰው ከሌለ ዝም ይላሉ። ማብሪያ ማጥፊያው በጠባቂው እጅ ይሆናል። ሲደክመው ያጠፋል፤ ለምን አጠፋህ የሚለው ሰው አይኖርም። ጠባቂዎቹ በየሰዓቱ ክፍል ይቀያየራሉ። ወንበር ይኖራቸዋል። ሥራዎቹ ከመመረጣቸው በፊት ጠባቂዎቹ ሰምተዋቸው ሐሳብ ይሰጣሉ።

መልስ 19

የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው። አጭርና ቁጡ ነው። ስለ ዜማና ስለ ትዝታ ሁሉም ሲያወራ ስለ እሳት አንድ ሰው አለማንሳቱ አበሳጭቶታል። ጥር 2007 ላይ ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል ጃዛምባ የሚባለው የሙዚቃ አዳራሽ አብሮ እንደወደመ አስታወሰን። የእንጨት ቤት ነው፤ በእንጨት ቤት ቀልድ የለም። ግድግዳው ውስጥ ያለው የድሮ ገመድ ጨርቅ የለበሰ ሊሆን ይችላል፤ እንዳልነካው አዘዘ። ከቆጣሪው በራሱ ብሬከር አንድ አዲስ መስመር በወለሉ ላይ ይምጣ። ምንጣፍ ሥር ገመድ አይግባ። ማታ ሁሉም ይነቀል። እሳት ማጥፊያ በየፎቁ ይኑር፤ የሚያውቅበት ሰውም ይኑር። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር አምጥቶ ግቢ ውስጥ ማስጮህ ደግሞ ሙሉ ሥራውን ገደል መክተት ነው። መብራት ከሄደ ሰው ባዶውን ቤት ይስማ።

ለዚህ ሰውዬ ስልክ ደውዬለታለሁ። ሐሙስ መጥቶ ያያል።

መልስ 20

የአፍሪካ ኅብረትን ያነሳ ነው። ናይጄሪያዊው አርቲስት ኤሜካ ኦግቦ ለኅብረቱ የሰላምና ፀጥታ ሕንጻ የድምፅ ሥራ መሥራቱን፣ በውስጡም የአፍሪካ አንድነት መሥራቾች ንግግር እንደሚሰማ ጠቀሰ። ስለዚህ አዲስ አበባ ለዚህ ጥበብ እንግዳ አይደለችም። ከዚያ ስለ አፍሪካ አዳራሽ ቀጠለ፤ እ.ኤ.አ. በ1961 ስለተመረቀው፣ ስለ አፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል፣ በ1963 እዚያ ስለተሰሙት ንግግሮች። ጥሩ ነው፤ ግን ለእኔ ስድስት ክፍል ትንሽ ይርቃል።

መልስ 21

መልስ 6 ተመለሰ። ይህን አልጠበቅሁም። የመልስ 16ን እናት ታሪክ ደጋግሞ እንዳነበበው ጻፈ። ሐሳቡን ግን አልቀየረም፤ ቅርስ የሚባለው ቤት ውስጥ የሚኖረው ሰው ከቤቱ እኩል ካልታሰበ ነገሩ ዋጋ እንደሌለው አሁንም ያምናል። ከዚያ የፈረሰውን ሰፈሩን ድምፅ ዘረዘረ። ማለዳ የዕድሩ ጡሩምባ ነፊ። ቆራሌው። ሊስትሮው ሣጥኑን በብሩሽ ሲቆረቁር። የሙቀጫ ድምፅ፤ ሦስት ቤት አልፎ ማን ቡና እንደሚወቅጥ በምቱ ይለይ ነበር። አንደኛዋ ሴት ሁለት ጊዜ መትታ ታርፋለች፣ ሌላዋ ሳታቋርጥ ትወቅጣለች። ከሁለቱ አንዷ አሁን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው። እዚያ መውቀጥ ተከልክላለች፤ ከታች ያለው ጎረቤት ይነሳል።

ስልኩን ጠየቅኩት። ሰጠኝ። ሴትየዋ ፈቃዷ ከሆነ በዚያ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ መጥታ ትወቅጣለች። ቅጂ አይኖርም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ ለራሷ ቡና፣ እንደ ልማዷ። ይከፈላታል። መልስ 15 ለጠየቀችኝ ጥያቄ ያገኘሁት የመጀመሪያ መልስ ይህ ነው።

መልስ 22

መልስ 1 ናት፤ አርክቴክቷ። አንድ ነገር ብቻ አለች፤ ሙቀጫው የእንጨት ወለል ላይ እንዳይሆን፣ የድንጋዩ ምድር ቤት እንዲሆን። ትክክል።

መልስ 23

የቤቱ ቤተሰብ አባል ነች፤ ይህን መድረክ እያነበበች እንደነበረ አላውቅም ነበር። ስሟን አልጻፈችም። ደረጃው ላይ ሲጥ የሚለውን ሦስተኛ እርከን ማንሳቴን አይታ ነው የጻፈችው። ልጅ ሆነው አምሽተው ሲገቡ ያንን እርከን ይዘሉት ነበር። አባታቸው ግን ሲጥ ሲል ሳይሆን ሳይል ሲቀር ነበር የሚነቁት፤ ሦስተኛው ጋ የሚያቋርጥ እግር የሌላ ሰው እግር አይደለም። አናጢ ደረጃውን ሊያጠብቅ ለሚቀጥለው ሳምንት ተቀጥሮ ነበር። ከወንድሞቿ ጋር ተነጋግራ ከአራተኛው ጀምሮ እንዲሠራ ነግረውታል።

መልስ 24

አንድ ተማሪ ነው። የፊታችን ቅዳሜ ቤቱን ለመቅዳት እንሄዳለን ብዬ ስለነበር፣ ሰፈሩ ላይ የመብራት መቋረጥ እንደተነገረ ጠቅሶ ቀጠሮው ይሰረዝ እንደሆነ ጠየቀኝ። አይሰረዝም። እንዲያውም መብራት ሲጠፋ የጎረቤት ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ዝም ይላል። መቅጃዎቹ በባትሪ ይሠራሉ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል በሩ ላይ እንገናኝ። ለስላሳ ጫማ አድርጉ፤ የሚንሿሿ ጃኬት አትልበሱ። ፊኛ እኔ አመጣለሁ።